ተጣጣፊው የፖስታ ከረጢት ማቆሚያ፦ ከአንድ ዓመት ተኩል አገልግሎት በኋላ

ይህን አስተያየት የምጽፈው፣ የፖስታ ከረጢት ማቆሚያ ለመግዛት ወይም ለማሠራት የሚያስብ ሰው ዕቃውን በምን መመዘን እንዳለበት የሚነግረው እምብዛም እንደማያገኝ ስለማውቅ ነው። እኛም ስንገዛ የነገረን አልነበረም። ሻጩ ደጋግሞ ያለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታጥፎ ከበር ኋላ ይገባል፣ ቦታ አይዝም»። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን መታጠፉ ከቦታ ቁጠባ የሚበልጥ ጥቅም እንዳለው ሻጩም አያውቅም ነበር፣ እኛም ለማወቅ ወራት ፈጅቶብናል።

የምሠራው በደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት ነው። ፖስታውን በየመድረሻው የምንለይበት የልየታ ክፍላችን ሁለት አልጋ ቢገባበት መተላለፊያ የማይተርፈው ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ ጭነቱ ማለዳ ተራግፎ እዚያው መሬት ላይ በየአቅጣጫው ይደለደላል፦ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በደሴው መንገድ፣ መሐል ሜዳና ሞላሌ ከጣርማ በር ወደ መንዝ በሚገነጠለው፣ ደነባና እነዋሪ በሌላው ወገን፣ አንኮበር ደግሞ ለብቻው። ማቆሚያው ከመምጣቱ በፊት አንዱ ሠራተኛ የከረጢቱን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ሲይዝ ሌላው ይጨምር ነበር፤ ሰው ሲያንስ ከረጢቱን በወንበር መደገፊያ ላይ እናስር ነበር፤ ወንበሩም ከረጢቱ ግማሽ ሲደርስ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በአገራችን ደብዳቤ ወደየቤቱ እየዞረ የሚታደል ሳይሆን በአብዛኛው በፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚደርስ በመሆኑ፣ በዚህ ደረጃ ለያዩ ከአድራሻው የሚፈልገው የከተማውን ስም ብቻ ነው። ዓይኑ ስሙን ሲያነብ እጁ ከረጢቱን ሳያይ መወርወር መቻል አለበት። ለዚህም የከረጢቱ አፍ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቁመት፣ ተከፍቶ መገኘት ይኖርበታል። ማቆሚያው የሚመዘነውም በዚሁ ነው።

ዕቃው ሲታይ ቀላል ነው። እንደ መቀስ የሚተላለፉ ሁለት ጥንድ እግሮች መሃል ላይ በሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያያዝ ችንካር) ተያይዘዋል፤ ከላይ ሁለት አግዳሚ ብረቶች አሉ፤ በአግዳሚዎቹ መካከል የናይለን ቀበቶ ተወጥሮ እግሮቹ ከልክ በላይ እንዳይከፈቱ ይይዛል። የከረጢቱ አፍ በአግዳሚዎቹ ላይ ወደ ውጭ ተገልብጦ በአራት የፕላስቲክ መቆንጠጫዎች ይያዛል። መጀመሪያ የገዛነው ከአዲስ አበባ የመጣ የውጭ ዕቃ ሲሆን ብረቱ ስስ ነው፤ አንዱ ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለቱን ተሸክሞ ይሄዳል። በዚህ በኩል የሚነቀፍበት ነገር የለውም።

ገዢ ሁሉ የሚያተኩረው በብረቱ ውፍረት ላይ ነው፤ ከብረቱ ይልቅ መታየት የነበረበት ግን ያ ቀበቶ ነው። የእኛ ማቆሚያ እግር ርዝመቱ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀበቶው በ40 ሳንቲ ሜትር ሲይዘው የላይኛው አግዳሚ ከመሬት 92 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል፤ ቀበቶው ተለጥጦ ክፍተቱ 50 ቢደርስ ግን ቁመቱ ወደ 87 ይወርዳል። አምስት ሳንቲ ሜትር ምን አላት የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና እያለ ይሞክረው። ከዚያም የባሰው በከረጢቱ ላይ የሚደርሰው ነው። አግዳሚዎቹ እያንዳንዳቸው 34 ሳንቲ ሜትር በመሆናቸው በ40 ክፍተት የአፉ ዙሪያ 148 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ተዘርግቶ ሲለካ ወርዱ 76 የሆነው ከረጢታችን ደግሞ ዙሪያው 152 ስለሆነ በልኩ ይቀመጣል። ቀበቶው በላላ ቁጥር እግሮቹን ከመከፈት የሚያግደው የከረጢቱ ቅምቅማት ይሆናል፤ ክሩም ከማዕዘኑ ጀምሮ ይተረተራል። እኛ ዘንድ በስድስት ወር ውስጥ አራት ከረጢቶች በአንድ ዓይነት ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አኳኋን ተቀደው ስናይ ነው ነገሩ የገባን፤ እስከዚያ ድረስ ጥፋቱን በከረጢት ሰፊው ላይ እናሳብብ ነበር። ስለዚህ ገዢው ሜትርና አንድ ባዶ ከረጢት ይዞ ይሂድ፤ ዙሪያውን ለክቶ ከረጢቱ ከማቆሚያው አፍ በአራት ወይም በአምስት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መሆኑን ያረጋግጥ። ከዚያ ከበለጠ መቆንጠጫው አይዘውም፣ ካነሰ ደግሞ አይገባለትም።

የከረጢቱ ቁመትም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ አባል በሆነችበት በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የአንድ ከረጢት ጠቅላላ ክብደት ከ30 ኪሎ ግራም መብለጥ የለበትም። ይህ ክብደት በከረጢቱ ቂጥ በኩል መሬት ላይ ማረፍ አለበት እንጂ በአራት መቆንጠጫ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ቁመቱ 105 የሆነው ከረጢት 12 ሳንቲ ሜትር ሲገለበጥ 93 ስለሚቀረው መሬቱን ይነካል። ቁመቱ 90 የሆነው አጭሩ ግን ከመሬት 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ተንጠልጥሎ ይቀራል። አምራቹ ለዚህ ከግርጌ መደርደሪያ አላበጀለትም። እኛ ከአጭሮቹ ሥር የሻይ ሳጥን ገልብጠን እናስቀምጣለን፤ ይህም መፍትሔ ሳይሆን መላ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ ልምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል ያደረ ክፍል ውስጥ ማለዳ ብረት መንካት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያውቀዋል። የፕላስቲኩ መቆንጠጫ በዚያ ብርድ እንደ ደረቅ አገዳ ይሆናል። ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ የመሐል ሜዳው ከረጢት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከአራቱ መቆንጠጫዎች አንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ክብደቱን የተረከቡት ሦስቱም ተራ በተራ ለቀቁ፣ ከረጢቱ ወደ ጎን ተዘረገፈ፣ ያዘለው ሁሉ ከደብረ ሲናው ጋር መሬት ላይ ተደባለቀ። የአደራ ደብዳቤዎቹ ተመዝግበው ለብቻቸው የተቆለፈባቸው በመሆናቸው አልተነኩም እንጂ የቀረውን አንድ በአንድ እንደገና መለየት ግድ ሆነብን። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ በጡሩምባ ይጠራል፣ እኛ ተንበርክከን አድራሻ እናነባለን። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባልደረባችን ከጎኔ ተንበርክከው እየለቀሙ፣ «ልጄ፣ መቆም ያቃተውን ነው እኮ ማቆሚያ ያልነው» አሉኝ። ሻጩ ዘንድ ደውለን ትርፍ መቆንጠጫ ስንጠይቅ ያገኘነው መልስ፣ «ፕላስቲኩ ለብቻው አይመጣም፤ ሙሉውን ግዙ» የሚል ነበር። ሦስት ኪሎ ተኩል ብረት በአንዲት የፕላስቲክ ጥርስ ምክንያት እንዲጣል የሚመክር ሻጭ እንደገና ደጃፉን አልረግጥም።

ይህን ሁሉ ነቅፌ ዕቃውን ግን አልጣልሁትም፤ ምክንያቱ መታጠፉ ነው። የሞላ ከረጢት ከማይታጠፍ ማቆሚያ ለማውጣት 30 ኪሎውን ከ92 ሳንቲ ሜትር አግዳሚ በላይ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ወገብ የሚሰበረውም በዚህ ጊዜ ነው። በተጣጣፊው ግን እንዲህ ይደረጋል፦ መጀመሪያ መቆንጠጫዎቹ ይነሳሉ፤ ቀጥሎ አንዱ አግዳሚ በመዳፍ ወደ ሌላው ይገፋል፤ እግሮቹ ሲቀራረቡ ተወጥሮ የነበረው የከረጢት አፍ ይላላል፣ የተገለበጠውም ጠርዝ በራሱ ይወርዳል። ከረጢቱ ባለበት መሬት ላይ እንደቆመ ማቆሚያው ብቻ ወደ ላይ ይመዘዛል። የሚነሳው ብረቱ ነው፣ ከረጢቱ አይደለም። ከዚያ አፉን ማሰር፣ ማሸግና የመድረሻውን ምልክት ማንጠልጠል በቆመበት ይፈጸማል። ይህን ያሳየን ሻጭም መመሪያም አልነበረም፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ባልደረባችን ከባድ ማንሳት ስላልነበረባት በራሷ መላ ያገኘችው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እንደ እሷ እናደርጋለን።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሲታጠፍ እጅ ከእግሮቹ መተላለፊያ አጠገብ መገኘት የለበትም፤ መያዝ ያለበት የላይኛው አግዳሚ ብቻ ነው። ይህን የማውቀው በቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ነው፤ ጠቁሮ እስኪነቀል ሁለት ወር ፈጅቷል።

ሁለተኛውን ዙር እዚሁ ከተማ ውስጥ በአንድ ብየዳ ቤት አሠራን። ባለሙያው የወሰድንለትን ማቆሚያ ካገላበጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይሄን አይደለም፣ ባዶ ከረጢት አምጡልኝ፤ ብረቱን በከረጢቱ ልክ ነው የምቆርጠው» አለን። ከዚያች ንግግር በኋላ ሥራውን አምኜ ተውሁለት። እግሮቹን ከ20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሠራ፤ በሪቬቱ ፋንታ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገብቶ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ሮንዴላ (ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አኑሮ፣ እንዳይፈታ በሁለት ዳዶ አጠበቀው። በፕላስቲኩ ፋንታ ከ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ ጫፋቸው የተድቦለቦለ መንጠቆዎች በየማዕዘኑ በየደ፤ የከረጢቱ የብረት ቀለበቶች በእነሱ ላይ ይጠለቃሉ። ቀበቶውን ከአሮጌ መኪና የደኅንነት ቀበቶ ቆርጦ ሰፋው፤ እስካሁን አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አልተለጠጠም። እግሮቹ በሲሚንቶው ወለል ላይ እንዳይንሸራተቱም ከጎማ የተቆረጠ ጫማ አለበሳቸው። ከውጭ በመጣው በአንዱ ዋጋ ይህኛውን ሁለት ማሠራት ይቻላል።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ክብደቱ ስድስት ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ሁለቱን ባንድ እጅ መያዝ ቀርቷል። መንጠቆዎቹ ቀለበት ለሌለው ከረጢት አይሆኑም፤ እንደዚያ ያለ ሲመጣ በገመድ እናስራለን። ቀለሙም በደንብ ሳይደርቅ ስለተረከብን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ከረጢቶች አፍ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል፤ ይህ ግን የባለሙያው ሳይሆን የእኛ ችኮላ ነው።

የስም ማስቀመጫውን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የወጣበት፣ ከሁሉ የበለጠ ስሕተት ያስቀረ እሱ ነውና። ከውጭ የመጣው ማቆሚያ የመድረሻ ስም የሚሰካበት ቦታ የለውም። በአግዳሚው ላይ በፕላስተር የምንለጥፈው ወረቀት ከሰዓት በኋላ ወድቆ ይገኛል፤ የሚያነሳውም ሰው ደስ ያለው ማቆሚያ ላይ ይለጥፈዋል። በአዲሶቹ ላይ ሁለት ጠርዙ የታጠፈ ትንሽ ላሜራ አስበይደናል፤ ካርቶኑ ከላይ ወደ ታች ይሰካል፣ አይወድቅም። ይህ ለእኛ አካባቢ የተለየ ጠቀሜታ አለው። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው፤ አንዱ በአማራ ክልል ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማው ፍቼ። ከተማውን ሳይጽፍ «ሰሜን ሸዋ» ብሎ ብቻ የሚልክ ሰው በየሳምንቱ አይጠፋም። የፍቼው በደሴ መንገድ ከተጓዘ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና በጎጃም በር እስኪወጣ ድረስ ቀናት ይባክናሉ። አሁን ለእነዚህ ብቻ ከበሩ አጠገብ አንድ አጭር ማቆሚያ ለይተናል፤ ካርቶኑ ላይም «ይጣራ» የሚል ተጽፏል። እጅ ሲጠራጠር ወደዚያ ይወረውራል፣ ልየታውም አይቋረጥም።

ለሚቀጥለው ዙር አራት አዘናል። በእነዚህ ላይ ለአጫጭሮቹ ከረጢቶች ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚገባና የሚወጣ የእንጨት ርብራብ እንዲኖር ጠይቀናል፤ ባለሙያው ርብራቡ ከመታጠፉ በፊት በእጅ መነሳት እንዳለበት፣ ካልተነሳ እግሮቹ እንደማይገጥሙ ነግሮናል። ሁለቱ ተሠርተው ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል፤ ቀለማቸው በጣት ሲነካ መልቀቁን እስኪተው ድረስ አንረከባቸውም።