ደሴ ላይ የገዛሁት የጤና አዳምና የሎሚ ቅባት፦ ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈው ማስጠንቀቂያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ በእጅ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጤና አዳምና የሎሚ ቅባት በ250 ብር ገዝቼ ለሦስት ሳምንት ያህል ተጠቀምሁበት። ባለሱቋ በቅን ልብ ያስተናገደችኝ ስለሆነ የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ስለ ምርቱ ግን ያየሁትን ሁሉ መናገር ይገባኛል።

ቅባቱ በደሴ ብርድ የተሰነጣጠቀ ቆዳን በእርግጥ ያለሰልሳል። ልብስ ላይ አይጣበቅም፤ ሽታውም ቡና ስኒ ውስጥ የገባች የጤና አዳም ቅጠልን ያስታውሳል። ጠርሙሱ ላይ ግን ከስሙ በቀር ምን ምን እንደተጨመረበትም ሆነ መቼና እንዴት መቀባት እንደሚገባ የተጻፈ ነገር የለም። ስጠይቃት ባለሱቋ፣ «እትዬ፣ ጠዋትም ማታም ይቀቡት፤ የተፈጥሮ ስለሆነ ምንም አያደርግዎትም» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ብቻ ስቀባው ምንም አልሆንሁም። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ግን አንገቴንና ሁለቱንም እጆቼን ተቀብቼ ለዘመድ ሰርግ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ስቀመጥ ቀኝ እጄ በመስኮቱ በኩል ሲሆን፣ ከሰዓትም ከዳሱ ውጭ ብዙ ቆየሁ፤ ግራ እጄን ነጠላዬ ሸፍኖታል። በማግስቱ ማታ ቀኝ እጄና አንገቴ ይለበልበኝ ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። ቅባቱ ከክንዴ እስከ ክርኔ የወረደበት መስመር ሳይቀር በግልጽ ይታይ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ፊቴን የተቀባሁትን ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ነው፤ ነገር ግን ቅባቱ ያልነካው ፊቴም ሆነ ቅባቱ እያለበት ከፀሐይ የተሸፈነው ግራ እጄ ደህና ነበሩ።

የቆዳ ሐኪሙ ምን እንደተቀባሁ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀባሁና በየት በኩል እንደተቀመጥሁ ጠይቆ ነገሩን ወዲያው ለየው። በጤና አዳምም ሆነ በሎሚ፣ በተለይም በሎሚ ልጣጭ ውስጥ፣ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ በቆዳ ላይ ሳሉ ዩቪኤ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍባቸው የቆዳን ሕዋሳት ይጎዳሉ። ይህ አለርጂ አይደለም፤ መጠኑና ጨረሩ ከበቃ ማንንም፣ በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን፣ ሊያቃጥል ይችላል። የሚኒባሱ የጎን መስታወትም አላዳነኝም፤ ተራ መስታወት ቆዳን በብዛት የሚለበልበውን ዩቪቢ ቢያስቀርም ዩቪኤን በአብዛኛው ያሳልፋልና። የደሴ ብርድም ያታልላል፦ ከተማዋ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ዩቪኤንና ዩቪቢን የሚያካትተው አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ስለማይሰማን ግን ፀሐዩ የሚነካን አይመስለንም። ቁስሉ በሁለት ሳምንት ቢድንም፣ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ምልክት ወራት ሊቆይ እንደሚችል ተነግሮኛል፤ የእኔም እስካሁን አልጠፋም።

ሰንስክሪኑን መጠርጠሬም ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ሐኪሙ ነግሮኛል። ኦክሲቤንዞን የተባለ ንጥረ ነገር ያለባቸው አንዳንድ ሰንስክሪኖችና ለሕመም የሚቀባው የኬቶፕሮፌን ጄል ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ እውነተኛ አለርጂ ሊያስነሱ ይችላሉ። ይህ አለርጂ ግን ሰውነት አስቀድሞ ንጥረ ነገሩን በጠላትነት ለለየባቸው ሰዎች ብቻ የሚመጣ ነው፤ ይበልጥ ያሳክካል፣ ፀሐይ ወዳልነካው ቆዳም ሊዛመት ይችላል።

በጤና አዳም ላይ ጥላቻ የለኝም። ፉሮኩማሪን በሐኪም እጅ፣ በተመጠነ ጨረር ለምጽን ለማከም ሲያገለግል ኖሯል። ቁም ነገሩ መመጠኑ ነው። ይኸው ፉሮኩማሪን የሚገኝበት ቤርጋሞት የተባለው የብርቱካን ዘመድ የተጨመረበት ሽቶ በፀሐይ ቆዳን እንደሚያጠቁር በ1916 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለፀሐይ መከላከያ በሚሸጥ ቅባት ውስጥ የፉሮኩማሪን መጠን በኪሎ ግራም ከ1 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ያስገድዳል። እኛ ዘንድ በቤት የሚዘጋጀውን ቅባት ማንም ስለማይለካው፣ ቢያንስ ጠርሙሱ መናገር ነበረበት።

ጠርሙሱን ይዤ ስመለስ ባለሱቋ እጄን አይታ ደነገጠች፤ ሳልጠይቃትም ገንዘቤን መለሰችልኝ። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ መደርደሪያው ላይ ባሉት ጠርሙሶች ሁሉ «ለማታ ብቻ» የሚል በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ደስ ብሎኛል። «ጠዋት በሳሙና ይታጠቡት፤ ፀሐይ አያስነኩት» የሚለውንና የተጨመሩበትን ነገሮች ዝርዝር ግን ገና አልጻፈችም፤ እስክትጽፍ ድረስ ይህን ቅባት ለማንም እንዲገዛ አልመክርም።