የወሊድ መከላከያ በወረርሽኝ ጊዜ፦ የሦስት ወር መርፌ ወይስ ክንድ ላይ የሚቀበረው?

ኮሮና አገራችን የገባው መጋቢት 2012 ነው። ብዙም ሳይቆይ ታክሲው በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ ሆነ። ከአዘዞ ተነስታ ጎንደር መሀል ለሕክምና ለምትመጣ ሴት ይህ ቀላል አልነበረም። በዚያ ላይ የበሽታው ፍርሃት ነበረ።

መርፌው የሚከብደው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። በየ3 ወሩ መመለስ ይፈልጋል። ቀኑ ቢያልፍም ተስፋ አትቁረጪ፤ እስከ 4 ሳምንት ዘግይቶ መወጋት ይቻላል። ትልቁ ጥቅሙ ምስጢር መሆኑ ነው። ክንድ ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። ባሏ ወይም አማቷ ለማይፈቅዱላት ሴት ይህ ከምንም በላይ ነው። ካቆሙት በኋላ ግን ለማርገዝ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ክንድ ላይ የሚቀበረው አንዴ ከገባ፣ ኢምፕላኖን የሚባለው 3 ዓመት፣ ጃዴል የሚባለው 5 ዓመት ይሠራል። መንገድ ቢዘጋ፣ መድኃኒት ቢጠፋ፣ እሱ አይቋረጥም። ኢምፕላኖንን የሠለጠነች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጤና ኬላ ላይ ታስገባለች። ሲወጣም ማርገዝ ቶሎ ይመለሳል።

የወር አበባን ሁለቱም ያዛባሉ። ኤችአይቪን ሁለቱም አይከላከሉም፤ ኮንዶም የግድ ነው።

ለወረርሽኝ ጊዜ እኔ የሚቀበረውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል፤ ማስወጣቱ። ሴቷ «ይውጣልኝ» ካለች፣ ወረርሽኝም ይሁን ሰላም፣ «ጊዜው አልደረሰም» ተብላ መመለስ የለባትም። ከመግባቱ በፊት የት እንደሚወጣ ጠይቂ።