የሳይንስ አስጠኚ ለምትፈልጉ ወላጆች፣ የኛን ቲቸር ላስተዋውቃችሁ

ሰላም ወላጆች። ይሄን ምስጋና ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ያዘገየኝ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ማውጣት ስላለብኝ ነው።

ሾላ ገበያ ነን። ዘንቢሉን የያዘችው ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት። ሻጯ ትልልቅ፣ እኩል እኩል የሆነ ቲማቲም ስታነሳልኝ «ተይው፣ ይሄ ጂኤምኦ ነው» አልኳት። ስንት ዓመት ስለው የኖርኩት ነገር ነው። ፍሬው ከተለቀ ጂኤምኦ፣ ሀብሐቡ ዘር ከሌለው ጂኤምኦ። ልጄ ታዲያ ሴትዮዋ ፊት «እማዬ፣ እዚህ አገር ጂኤምኦ ቲማቲም አይመረትም። ዲቃላ ልትዪ ፈልገሽ ነው?» አለችኝ። ዲቃላ የምትለውን ቃል ገበያ መሃል፣ ያውም ጮክ ብላ! ሻጯ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ከክስ አዳነችኝ» አለች። ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ምን ላድርግ።

ይሄን ያወቀችው ትምህርት ቤት አይደለም። እዚያማ ስለ ልውጠ ህያው፣ ማለትም ስለ ጂኤምኦ፣ አንድ አንቀጽ አስገልብጠዋቸው አለፉ። ያስተማረቻት ሲኤምሲ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን የምታስጠና፣ ዕፅዋት ሳይንስ የተመረቀች ወጣት ናት። ልጆቹ ቲቸር ይሏታል። እኔም ለምጄዋለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ሁለት ጥቅል ካርታ ግዢልኝ አለችኝ። «ካርታ ማን አስተማረሽ?» ብዬ ልቆጣ ስል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጀርባው ቀይ የሆነውና ሰማያዊው ሁለት ዘመድ ተክሎች ናቸው። ከየጥቅሉ ግማሽ ግማሹን አንስታ በወዘችው። ማዳቀል ማለት ይሄ ነው፤ ማን ምን እንደሚደርሰው አይታወቅም። ቀጥላ ከወንድሟ የኡኖ ጨዋታ አንዲት ካርታ መዘዘችና ቀዩ ጥቅል ውስጥ ሰካቻት። ከማይዛመደው ጥቅል አንድ የተመረጠ ካርታ፣ ጂኤምኦ የሚባለው ይሄ ነው። የጓይ ትልን የሚቋቋመው ጥጥ፣ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ነው የገባበት። ትሉ ቅጠሉን ሲበላ ያ ዘረመል የሚያሠራው ፕሮቲን አንጀቱን ይጎዳዋል። አገራችን ይሄን ጥጥ ለእርሻ የፈቀደችው በ2010 ዓ.ም ነው። በቴሌቪዥን ስሰማው የኖርኩትን ጉዳይ በአምስት ደቂቃ፣ ያውም በኡኖ፣ ገባኝ።

ጤፉ ግን ከዚህም ይብሳል። ሐምሌ መግቢያ ላይ ቲቸር እያንዳንዱን ልጅ የተቆረጠ ጄሪካን ውስጥ ጤፍ አስዘራችው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ መጣ፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ከ30 ድረስ አጉሊ መነጽር ይዛችሁ አበባውን ጠብቁ። ለካ የጤፍ አበባ በራሱ ብናኝ ነው የሚፀንሰው። አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ለዚያች አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ይሄን የጤፍ ተመራማሪው ዶክተር ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ መጨረሻ እስኪደርሱበት ድረስ ጤፍን በሰው እጅ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች የማኛን ጤፍ ንጣት ዱከም ከሚባለው የጤፍ ዝርያ ምርታማነት ጋር ያገናኙት። ልጁ ቁንጮ ተባለ፣ በ1998 ዓ.ም ለገበሬው ተለቀቀ። ጂኤምኦ አይደለም፣ ማዳቀል ነው። ቁንጮ ጤፍ ስገዛ ስንት ዓመቴ፣ ስሙን እንጂ ወላጆቹን መች ጠይቄ አውቃለሁ።

በዚያ ብርድ ሦስት ጠዋት በረንዳ ላይ በጋቢ ተጠቅልለን ቆምን። በሦስተኛው ቀን «ተከፈተ! ተከፈተ!» ብላ ጮኸች። መነጽሩን ተቀብዬ አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔ ምንም አልታየኝም። «አዎ፣ እንዴት ያምራል» አልኳት።

ሌላ ቀን ደግሞ ከሙዝ ዲኤንኤ እናወጣለን ተባለ። ሙዝ፣ ጨው፣ የዕቃ ሳሙና፣ በመጨረሻም ፍሪጅ የገባ አልኮል። እናቴ ከጎጃም መጥታ ስለነበር አብራን ተቀምጣ ነበር። «ልጄ፣ ካቲካላ አይሆንም?» ብላ ጠየቀቻት። ቲቸር አልሳቀችባትም። «እማማ፣ ካቲካላው ውኃ ይበዛበታል፤ ከዚያ የጠነከረ ነው የሚያስፈልገን» አለቻት። ከላይ ነጭ፣ ንፍጥ የመሰለ ክር ሲንሳፈፍ እናቴ አማተበች። «ይሄን ነው ስንበላ የኖርነው?» አዎ እማዬ፣ በየሙዙ።

ከሁሉ የወደድኩላት ግን ልጆቹን ወደ አንድ ወገን አለመግፋቷ ነው። ግማሹን ገበሬ፣ ግማሹን ተመራማሪ አድርጋ ታከራክራቸዋለች። አንዱ ልጅ የፀረ ተባይ መርጨት ይቀንሳል ሲል፣ ልጄ ያ ጥጥ ዲቃላም ስለሆነ ገበሬው በየዓመቱ ዘር መግዛት አለበት ብላ መለሰች። ትሉ ቢለምደውስ? የአገር ዘር ቢጠፋስ? ጂኤምኦን የሚቆጣጠረው የደህንነተ ሕይወት አዋጅ በ2001 ዓ.ም ለምን ጠብቆ ወጣ፣ በ2007 ለምን ተሻሻለ? የ13 ዓመት ልጆች ናቸው እንግዲህ። ቲቸር ራሷ ደጋፊ ትሁን ተቃዋሚ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ልጄ ብዙ ሞክራለች።

እንከንም አላት። በአምስት ሰዓት እጨርሳለሁ ብላ ስድስት ተኩል ታደርጋለች። ቅዳሜ ቀጠሮ ያላችሁ አስቡበት። ለሚኒስትሪ ፈተና ጥያቄና መልስ ብቻ የሚያስሸመድድ ሰው ከፈለጋችሁ ደግሞ እሷ አትሆናችሁም። ክፍያዋ ከሌሎቹ አስጠኚዎች ብዙም አይለይም፤ ለሁለት ወንድማማቾች ትቀንሳለች። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እልክላችኋለሁ። አሮጌ ጄሪካን ካላችሁ አትጣሉ።

ቲቸር፣ ይሄን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። ጤፉን ባለፈው ሳምንት አጨድነው። ሲወቃ ግማሽ ስኒ ሞላ። ላስፈጨው ብል ልጅሽ እንቢ አለች፤ ለዘር ነው ብላ በወረቀት ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበታለች።