ሦስት ወር፣ 14,500 ብር እና አንድ በርሜል ገረባ

ለሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቤት መዋል አልሆነልኝም። ባለፈው ዓመት እዚሁ ድሬዳዋ «የማኅበራዊና አካባቢያዊ ሥራ ፈጠራ» የሚባል የአሥራ ሁለት ሳምንት ሥልጠና እንደሚሰጥ ሰማሁና 14,500 ብር ከፍዬ ተመዘገብኩ። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ የአሠልጣኙን ድርጅት ስም አልጠራም። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «መምህር፣ ይጠቅማል? ልግባበት?» ስለሚሉኝ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልመልስ።

ስገባ በእጄ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው ገረባን ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ተቅሞ ሲያበቃ፣ ደጃፉ፣ ቦዩና የገበያው ዳር በዚሁ በቅጠልና በእንጨት ትራፊ ይሞላል። እኔ ደግሞ ካርቦን አይቼ ዝም ማለት አልችልም። ገረባውን አድርቄ፣ በበርሜል ውስጥ አየር አሳጥቼ አክስዬ፣ ፈጭቼና በማጣበቂያ ለውሼ ድፍን ከሰል ልሠራ አሰብኩ። በተለመደው የአፈር ክምር አሠራር ከአንድ ኩንታል ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ አይበልጥም፤ የቀረው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ዛፍ ሳይቆረጥ፣ ከተጣለ ነገር፣ በነፃ! እንዲህ ነበር ያልኩት። «በነፃ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አሰልቺ ነበሩ። ግድግዳ ላይ በሚንጸባረቅ ጽሑፍ ስለ ዘላቂነት ትርጉም ሲነገረን ዋልን። ስለ ሙሐመድ ዩኑስ የተነገረን ግን አልተረሳኝም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1976 ባንግላዴሽ ውስጥ ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች በድምሩ 27 ዶላር አበድሮ ነው የጀመረው። ግራሚን ባንክ ከዚያች ብድር ተነሥቶ በ1983 በሕግ የቆመ ባንክ ሆነ፤ በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከመሥራቹ ጋር ተካፈለ። የመንደሩ ሰዎች የቀርከሃ በርጩማ ሲሠሩ፣ ቀርከሃውን በብድር የሚሰጣቸው ነጋዴ ትርፉን ይወስድባቸው ነበር። ዩኑስ የጀመረው ይህን ሒሳብ ቁጭ ብሎ በመሥራት ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ቅር ያለኝ ምሳሌው ሁሉ ከሩቅ መምጣቱ ነው። የመኪና ጎማ ቆርጦ ጫማ ማድረግን እኛ ከማንም አልተማርንም፤ በረባሶ ያልረገጠ ገበሬ የት አለ? ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት ይህንኑ ጎማ ይዛ ነው ዓለም ገበያ የገባችው። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውስ ሰው መልሶ መጠቀምን ከማን ተማረ? ይህን እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ «ልክ ነዎት መምህር» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። በዚያን ዕለት ብሬን ቆጠርኩ።

ቀናነቱን ያየሁት በአራተኛው ሳምንት ነው። ያው ወጣት ጽሑፉን አጥፍቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሃያ ሰው ያላነጋገረ ስለ ምርቱ እንዳያወራኝ» አለን። የተሰጠን ጥያቄ ሦስት ብቻ ነው፦ ይህን ነገር አሁን ማን ይጠቀምበታል? ብትወስዱት ማን ይጎዳል? ከእናንተ የሚገዛውስ ምን ስለሚያስጨንቀው ነው የሚገዛው? እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ እንደ ማሟያ ነበር የቆጠርኩት። የሚጣል ነገር ብወስድ ማን ይጎዳል?

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ ሴት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ገረባ በጀርባዋ አዝላ ስትነሣ ደረስኩባት። ምን ልታደርጊበት ነው ብዬ ጠየቅኋት። አምስት ፍየል አላት። ከተማ ውስጥ ሣር የለም፣ ፉርሽካ ተወዷል፤ ፍየሎቿ የሚያድሩት በገረባ ነው። ሐሳቤን ነገርኳት። ማዳበሪያውን መሬት አስቀምጣ አየችኝና፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ፍየሎቼ የእርስዎን ከሰል ሊበሉ ነው?» አለችኝ።

በዚያ ሳምንት ካነጋገርኳቸው ሃያ ሰዎች ሰባቱ ገረባ ለፍየል የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ሁለቱ ደግሞ እየለቀሙ ለሌላ ይሸጣሉ። እኔ ቆሻሻ ያልኩት የሰው ቀለብ ኖሯል። ወደ ክፍል ተመልሼ ይህን ስናገር አሠልጣኙ ቆሼን አነሣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቆሻሻ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙ አገር «እዚያ ሰው ይኖር ነበር እንዴ?» ብሎ ነው የተገረመው። ይኖር ነበር፤ ከክምሩም እየለቀመ የሚተዳደር ብዙ ነበር። ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የቀረቡት ምሳሌዎች የወደቁ ሥራዎች ነበሩ፤ ለእኔ የሥልጠናው ሥጋ ይህ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ሕፃናት እየተሽከረከሩ ሲጫወቱ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ነበር፤ ፕሌይፓምፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገብቶለት ነበር። በኋላ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሒሳቡን ሲሠራ፣ የታቀደውን ያህል ሰው ውሃ ለማጠጣት ሕፃናቱ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። ከእኛው ሰፈር ደግሞ አፋር ተነሣ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ ዛፍ የግጦሹን መሬት ሲወር፣ ከሰል አክስለን እንጨርሰው ተብሎ ማኅበራት ፈቃድ ተሰጣቸው። በዚያው ሽፋን አገር በቀሉ ግራርም አብሮ ተቆረጠ። ኬሚስትሪው ልክ ነው፣ ቀናነቱም ልክ ነው፤ ከሰል ግን ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ በጆንያ ውስጥ አይናገርም።

እኔም ሐሳቤን ቀየርኩ። ፍየል ቅጠሉንና ለጋውን ልጣጭ በልታ ወፍራሙን እንጨት ትተወዋለች። ከሰባቱ ሴቶች ጋር ተስማማን፤ ፍየሎቹ የተዉትን እንጨት አድርቀው በማዳበሪያ እየከፈልኩ እገዛቸዋለሁ። «በነፃ» የምትለዋ ቃል በዚሁ ሞተች። ከአሥር ማዳበሪያ ደረቅ እንጨት 19 ኪሎ ያህል የከሰል ዱቄት አገኛለሁ። ነጩ ጭስ የሚወጣው ውሃው ሲተን ነው፤ ጭሱ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል የበርሜሉን ክዳን በጭቃ መምረግ ነው። ይህችን ደቂቃ ማንም አላስተማረኝም፤ ሁለት በርሜል አመድ ካደረግኩ በኋላ ዓይኔ ለመዳት።

የመጀመሪያውን ድፍን ከሰል ከዚራ ዛፍ ሥር ጀበና ለምታፈላ ቡና ሻጭ ወሰድኩላት። ምድጃዋ ላይ ደርድራ በማርገብገቢያ ብታራግብ፣ ብታራግብ እምቢ አለ። ሁለት ደንበኞች ተነሥተው ሄዱ። «መምህር፣ ይህ እሳት ነው ወይስ ሱባኤ?» አለችኝ። ማጣበቂያው ሸክላ አፈር ነበር፤ አብዝቼዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አፈሩን ቀንሼ በቀጭን የበቆሎ ሙቅ ለወስኩት። አሁንም ዘግይቶ ነው የተያያዘው፤ ከተያያዘ በኋላ ግን ሳትጨምርበት ሦስት ጀበና አወረደችበት። ዛፍ ስለማዳን ልነግራት ስጀምር፣ «ጫካውን እርስዎ ያድኑት፤ እኔ ነጠላዬ ጭስ ጭስ ካልሸተተና ደንበኛዬ ካልተነሣ እገዛለሁ» ብላ አቋረጠችኝ። ሦስተኛው ጥያቄ በዚህ ተመለሰ።

አሁን ወደ ወቀሳው። በአሥራ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለሕግ የተሰጠው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ላይ መብራት ጠፋ። በአገራችን ማኅበራዊ ኢንተርፕራይዝ ብሎ የሚመዘግብ የተለየ ሕጋዊ ቅርጽ የለም። ነጋዴ ሆነህ ትገባለህ፣ ወይም ኅብረት ሥራ ማኅበር ታቋቁማለህ፣ ወይም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ትሆናለህ። ድርጅት ከሆንክ ገቢ ማግኛ ሥራ ይፈቀድልሃል፤ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ግን አይቻልም። በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መመሥረት እንደሚችል ያወቅሁት ከሥልጠናው ሳይሆን ጎረቤቴ ከሆነ ጠበቃ ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ደረሰኝ አንድም ቃል አልሰማሁም። በምትኩ ሁለት ሙሉ ሳምንት ሐሳባችንን በሦስት ደቂቃ ለገንዘብ ሰጪ መናገር ተለማመድን። ልጆቹ ጎበዝ ተናጋሪ ሆኑ፤ የአንድ ኪሎ ምርታቸው ዋጋ ስንት እንደሆነ ብትጠይቃቸው ግን ጣራ ጣራ ያያሉ። የዩኑስ ቀርከሃ እዚህ ላይ ተረሳ።

አንዲት ልጅ ብቻ ከዚህ ትወጣለች። የጨርቅ ከረጢት ነበር የምትሰፋው። ስስ ፌስታል የተከለከለው በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ቢሆንም ገበያው ደንታ እንዳልሰጠው፣ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ እንዳገደ በራሷ አንብባ ክፍሉን ያስተማረችው እሷ ናት። ክርና ጨርቅ በሣንቲም ቆጥራ ትይዛለች። ምሳ ተብሎ በሚቀርበው ቀዝቃዛ መኮሮኒ ጊዜ እንኳን ደብተሯ አይዘጋም።

እና ልግባበት ለምትሉኝ፦ በእጃችሁ የጀመራችሁት ሥራ ካለ ግቡ፤ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ያለው ብቻውን ክፍያውን ያወጣል። ባዶ እጃችሁን ገብታችሁ እርዳታ የሚያስገኝ ወረቀት የምትጠብቁ ከሆነ ብራችሁን አታባክኑ። የምስክር ወረቀቱ በፕላስቲክ ተለብዶ ነው የሚሰጠው፤ ስለ አካባቢ ሥልጠና መሆኑን ማንም ያስታወሰ አይመስልም።

የእኔ ከሰል እስካሁን ጉልት ላይ ከሚሸጠው በኪሎ ስድስት ብር ይወደዳል። የበቆሎው ዱቄት ነው ጉዱ፤ ስለዚህ ሞላሰስ ልሞክር ነው። የከዚራዋ ቡና ሻጭ ግን ለቅዳሜ 20 ኪሎ አዛኛለች፤ ድፍኑ በቡጢዋ ልክ እንዲሆን፣ ከዚያ እንዳይበልጥ አስጠንቅቃ። ከትናንት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሯል፤ የተሰጣው እንጨት ገና አልደረቀም።