ኬንቲሽ ታውን ወይስ መድሹት?

ለንደን ውስጥ ልጅ ይዞ እንስሳት ለማየትም ሆነ በበጎ ፈቃድ ለመሥራት ሁለቱም የከተማ እርሻዎች ይሆናሉ። ኬንቲሽ ታውን በ1972 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ባቡር ሐዲድ ጥግ የተወሸቀ ጠባብ ግቢ ነው። ለትንንሽ ልጆች ግን እሱን እመርጣለሁ፤ እግራቸው ሳይዝል ፍየሏም አሳማውም ጋ ይደርሳሉ።

መድሹት 32 ኤከር (13 ሄክታር) ገደማ ነው። ከሚልዎል የመርከብ ማቆሚያ ተዝቆ በተጣለ ጭቃ ላይ ያረፈ መስክ፤ ከጀርባው ካናሪ ዋርፍ የተባለው የባንኮች ሰፈር ፎቆች፣ ከፊት ሣር የሚግጥ ላማ፣ የደቡብ አሜሪካው የግመል ዘመድ! ሰፊ ቦታ ለሚወድ ጉልበተኛ እሱ ይሻላል።

በብርዱ ወራት የትም ይሂዱ የት ሥራው ያው ፍግ መዛቅና ጉዝጓዝ መቀየር ነው፤ ቦት ጫማ አይርሱ። በጸደይ በጎች ሲወልዱ ግን ነፍሰ ጡሮች ራቅ ይበሉ፤ ከወላድ በጎች የሚተላለፍ በሽታ ሊያስወርድ ይችላል።