አጥር ወይስ ንቁ ዓይን?

ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት የሚሞክርን ሰርጎ ገብ በሩ ላይ ማስቀረት ይሻላል ወይስ ገብቶ የሚያደርገውን መከታተል?

ፋየርዎል አጥር ነው፤ ያልተፈቀደ ግንኙነትን ይዘጋል። በተፈቀደው በር ለሚገባ ግን መልስ የለውም። በ1988 እ.ኤ.አ. የተሰራጨው የሞሪስ ትል (ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም) ከገባባቸው መንገዶች መካከል የኢሜይል አገልግሎት ቀዳዳና በግምት የተገኙ የይለፍ ቃሎች ነበሩ።

ሰርጎ ገብን የሚከታተል ሶፍትዌር ደግሞ ጠባይ ያያል፤ እንግዳ ነገር ሲያይ ያስጠነቅቃል። ንቦች ይህን ያውቁበታል፤ ቀፎው አፍ ላይ የሚቆሙት ዘበኞች መጪውን በጠረኑ ይለያሉ። ጎረቤትም እንዲሁ። የተሰረቀ ቁልፍ የያዘን ሰው አጥሩ ያሳልፈዋል፤ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» የሚለው ጎረቤት ነው። (አንዳንዱ ጎረቤት አጎትህንም ሌባ ያደርገዋል፤ ሶፍትዌሩም በሐሰት ማንቂያ ያሰለቻል።)

ለግል ኮምፒውተር ፋየርዎሉን አስቀድማለሁ። ብዙ ሰው ለሚገባበት ሰርቨር ግን ያለ ተመልካች አጥር ብቻውን አያስተኛኝም።