ኮኮናት ወይስ ጉሎ? ለድሬ ሙቀት የትኛው ዘይት ይሻላል

ድሬዳዋ ውስጥ ጥቅልል ፀጉር ያላት ሴት ሁለት ጠላት አለባት፤ ፀሐዩና የቧንቧው ውሃ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ማዕድን ፀጉርንም ያሻክራል። ታዲያ የቱ ዘይት ይሻላል?

የኮኮናት ዘይት ሥራው ከመታጠብ በፊት ነው። ላውሪክ አሲድ የተባለው ቅባቱ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ በእጥበት የሚባክነውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ማታ ተቀብቶ፣ በሻሽ አስሮ ማደር፣ ጠዋት መታጠብ። 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ድሬ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ነው። ሐረር ግን ማለዳ ላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ መዳፍ ላይ ሲታሽ ወዲያው ይቀልጣል።

የጉሎ ዘይት ሌላ ነው። ከ85 እስከ 90 በመቶው ሪሲኖሌይክ አሲድ የተባለ ቅባት ስለሆነ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው፤ ላዩን ሸፍኖ እርጥበቱን ይይዛል። ስለዚህ ፀጉሩ ሳይደርቅ፣ ጫፍ ጫፉን፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ቀፊራ ደርሳችሁ እስክትመለሱ የገበያው አቧራ ሁሉ ራሳችሁ ላይ ነው። ፀጉር ያሳድጋል የሚባለው ደግሞ በጥናት አልተረጋገጠም።

ለድሬ እኔ ኮኮናትን እመርጣለሁ፤ በተለይ ፀጉሩ ዞማ ከሆነ፣ ጉሎ ከብዶት ሞገዱን ያስተኛዋል። ለከርዳዳ ፀጉር ግን፣ ሹሩባ ሲሠራ ጫፉ እንዳይሰነጠቅ፣ ጉሎን የሚያህል የለም። ፎረፎር ያለበት ሰው ሁለቱንም ከራስ ቆዳው ያርቅ።